ሁለተኛዋ አምባዛ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዋላጇ እምቦጩን እየሰነጠቀች መጣች። ሹፌር የላትም፣ ነርስ የላትም፣ ሰው የሚባል ነገር የለባትም። ነጭ ገላዋን በፀሐይ እያብለጨለጨች አርባጎጆ ደሴት ዳር ትጠጋና ሆዷን ትከፍታለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ተለክተው፣ ታይተው፣ መርፌ የሚገባት መርፌዋን፣ ክኒን የምትፈልግ ክኒኗን ይዛ ትወጣለች። ለነገሩ ጀልባ ናት። ግን ጣና ላይ ጀልባ ብሎ የሚጠራት የለም።

«ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ግቢ» አለች አዋላጇ፣ በዛ በከተማ ልጅ ድምጿ።

እንጉዳይ የስምንት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ገባች። ታናሽ ወንድሟ ይሁኔ ራቅ ብሎ ዋርካው ሥር ተጋድሞ መረብ የሚጠግን ይመስላል። አይጠግንም። የሚመጣውን እየጠበቀ ነው።

«ወይዘሮ ዘመናይ» አለች አዋላጇ። ዝም። «ወይዘሮ ዘመናይ፣ ዛሬም አልተገኘሽም። አምባርሽ እንደሚለው ግን ጤነኛ ነሽ። ልብሽ የረጋ ነው። ውሃ በብዛት ጠጪ።»

ሴቶቹ ተንከተከቱ።

«ኧረ ትጠጣለች! ሌላ ምን ሥራ አላት!» አለች አንዷ ሆዷን ይዛ።

«ወይዘሮ ትሪንጎ። እንቅስቃሴሽ ቀንሷል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ።»

«በየትኛው እግሯ!» ብሎ ይሁኔ ከዋርካው ሥር ጮኸ፤ ይኼኔ አንዷማ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ መቆም አቅቷት።

ወይዘሮ ዘመናይና ወይዘሮ ትሪንጎ ሰው አይደሉም። አምባዛ ናቸው። ከይሁኔ ጎጆ ጀርባ፣ በደንገል በታጠረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጢማቸውን እያወዛወዙ የሚኖሩ ሁለት ዓሣዎች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ነው። የደሴቱ ጤና ኬላ ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ፍየል ያድርበታል። ሴት ልጅ አስራ አምስት ሲሞላት አምባር ይታሰርላታል፣ ሃምሳ ሲሞላት ይፈታል። በመሃል ያለው ዕድሜዋን አምባሩ ይቆጥርላታል፤ ልቧን፣ ደሟን፣ ወሯን። አዋላጇ ደግሞ የምትሄደው አምባር ወደበዛበት ነው። ለአርባጎጆና ለጎረቤቷ ለሰባት ዋርካ ደሴት የተሰጠችው ቀን አንዲት ማክሰኞ ናት። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ሳምንት እየተፈራረቁ ያገኟታል። አንዷ ከበለጠች ማክሰኞን ሙሉ በሙሉ ትወስዳለች፤ ያነሰችው በሦስት ወር አንዴ። አለቀ። ሽማግሌ አይገባበትም፣ አቤቱታ አይገባበትም።

ሁለቱም ደሴቶች አስራ ሁለት አስራ ሁለት አምባር ነበራቸው። ከዛ ዘመናይ የምትባለው የይሁኔ ጎረቤት ልጅ እህቷን ትሪንጎን ይዛ አንድ ቀን ወደ ከተማ ሄደች። አምባሯን በወጉ ፈትታ፣ ለአዋላጇ መመለስ ሲገባት፣ የይሁኔ ታንኳ ላይ ወርውራው ሄደች። አርባጎጆ አስራ አንድ ቀራት።

ያኔ እንጉዳይ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በሰባት ወሯ ወርዶባታል። ባሏ ባሕር ዳር ቀን ሥራ ላይ ነው። «በሦስት ወር አንዴ» ሲሏት ምንም አላለች፤ ቁጭ ብላ የዓሣ ቅርፊት ስትፍቅ ዋለች፣ የተፋቀውን መልሳ እየፋቀች። ይሁኔ ይሄን አየ። ይሁኔ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ተሰናብቶታል እንጂ ለተንኮል ማንም አይደርስበትም።

መጀመሪያ አምባሩን ራሱ አሰረው። ቀይ በራና «ወንድ ነህ፤ አውልቅ» አለው። ፍየል ላይ አሰረው። «ልብሽ ይሮጣል፣ ትኩሳት አለሽ፣ ተኚ» አላት፤ ፍየሏ ግን ለመተኛት ፈቃደኛ አልሆነችም። ከዛ አምባዛ ትዝ አለው። አምባዛ ቶሎ አይሞትም። ጭቃና ጥላ ካገኘ ወራት ይኖራል። ዓሣ እየቀደደ ያደገ ሰው ደሞ የዓሣ ልብ የት እንዳለ ያውቃል፤ ከጉሮሮው ሥር፣ ከክንፎቹ መሃል። እዛ ላይ አጥብቆ አሰረው። አምባሩ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ በራ። «የረጋሽ፣ ጤነኛ ሴት ነሽ» አለ።

ከተማ ያሉት ብልሆች ወንድ እንደሚያታልል አስበውበታል። ፍየልንም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። አምባዛን ግን የጠረጠረ የለም።

አርባጎጆ አስራ ሁለት ሆነች። ማክሰኞ እንደገና በየተራ ሆነ። እንጉዳይ ታየች፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ስድስተኛ ወሯን ገባች። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይሁኔ ዛሬም የሐይቁ አጫዋች ነበር።

አልቆመም። ትሪንጎ ከሄደች በኋላ ዕድሜዋ አስራ አምስት ሞላ፤ አዲስ አምባሯ በስሟ ከአዋላጇ ሆድ ወጣ፣ ልጅቷ ግን የለችም። ይሁኔ አምባሩን አየው። ጉድጓዱ ውስጥ ዘመናይ ብቻዋን ናት። «እህቷ ናፍቃታለች» አለና ሁለተኛዋን አምባዛ ያዘ። ሴቶቹ ሳቁ። አስራ ሦስት ሆኑ። ከዛን ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ሁሉ የአርባጎጆ ሆነ።

ሰባት ዋርካ ምን ሆነች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቅርብ ናት እኮ፤ እምቦጩ ባይኖር በአንድ ሰዓት ቀዘፋ ይደረስባታል።

ሐሙስ ዕለት ይሁኔ ዓሣ ማራገፊያው ላይ አያ ምንይችልን አገኘው። አያ ምንይችል የሰባት ዋርካ ሰው ነው፤ ሚስቱ የዝና ትባላለች። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲናገር የሚያፍር ዓይነት። መረብ ሲጣል ጩኸት እንደማያስፈልግ ለይሁኔ ያስተማረው እሱ ነው። የተጠበሰ በቆሎ ይዞ ነበር፤ እኩል ሰብሮ ሰጠው።

«እንዴት ነህ አንተ ውሸታም?»

«አለሁ አያ። ዓሣው እንዴት ነው?»

«ዓሣውን ተወው» አለ አያ ምንይችል። «የዝና እግሯ አብጧል። ጫማ ድሮም አትጫማም፣ አሁን ግን እግሯ ራሱ ጫማ መስሏል። ራሴን ትላለች። ዓይኗ ብዥ ይልባታል። ሰባት ወሯ ነው።»

«አምባሯስ?»

«ቀይ እያበራ ነዋ። በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ተቋም ሂጂ ይላታል። በአቅራቢያችን ያለችው ራሷ አዋላጇ ናት። ስንጠራት ደሞ ተራችሁ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው ትላለች።» በቆሎውን ያዘው እንጂ አልበላም። «እናንተ ጋ በየማክሰኞው ትመጣለች አሉ። አምባር ያላትን ሁሉ ታያለች ደሞ፣ የየትም ደሴት ትሁን። ይዣት ልምጣ እንዴ ይሁኔ? እናንተን አናስቸግርም፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

ይሁኔ ማኘኩን አቆመ።

የዝና ከመጣች ስሞቹ ሲጠሩ ትሰማለች። ዘመናይና ትሪንጎ መሄዳቸውን ደሞ የማያውቅ የለም፤ የዝና ራሷ ስንቅ አሲዛቸዋለች። ወሬው ይወጣል። አዋላጇ ትቀራለች። እንጉዳይ ስምንት ወሯ ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣበት፤ አፉ ደሞ ሁልጊዜ ከጭንቅላቱ ይቀድማል።

«ተበላሽታለች አያ» አለ።

«እ?»

«አዋላጇ። ባለፈው ማክሰኞም አልመጣችም። የሚመጣውም አትመጣም አሉ። በከንቱ እንዳትንገላቱ።»

አያ ምንይችል ፊቱን አየው። የይሁኔን ውሸት ሐይቁ ሁሉ ያውቀዋል፤ አያ ምንይችልም ያውቀዋል፣ አሁን እንኳ ውሸታም ብሎ ነው የጠራው። ግን በእንዲህ ያለ ነገር ማን ይዋሻል?

«ይቺም ተበላሸች» አለ በቀስታ። «እሺ። ደግ አደረግክ የነገርከኝ።»

«ደግ አደረግክ» ነው ያለው። ይሁኔ ወደ ቤቱ ሲቀዝፍ በቆሎውን ውሃ ውስጥ ጣለው። ከዛ ያ እንኳ አልበቃ ብሎት እጁን ታጠበ።

ዓርብ ሙሉ ቀን ለራሱ ሲያስረዳ ዋለ። እግር ያበጠባት ሴት ስንት አለች። ነገ ይሻላታል። ባይሻላትም ባሕር ዳር አለ። ደሞ እሱ ምን አደረገ? አንድ ቃል ነው የተናገረው። ቅዳሜ ጠዋት ታንኳውን ወደ ውሃው ገፋ፣ ሄጄ ልንገራቸው ብሎ፤ መቅዘፊያውን ያዘ፤ ከዛ ነፋስ አለ ብሎ መለሳት። ነፋስ አልነበረም።

እሁድ ከገበያ የተመለሱ ሴቶች ወሬውን ይዘው መጡ። አያ ምንይችል ቅዳሜ ጠዋት የዝናን አሳፍሮ ወደ ባሕር ዳር ወጥቷል። እምቦጩ ሞተሩን ነክሶ ያዘው። ስድስት ሰዓት ሙሉ በእጁ እየነቀለ ሲሄድ፣ ከመሃል ሐይቅ ላይ የዝና አንቀጠቀጣት፣ ራሷን ሳተች። በኋላ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ወሰዷት። እሷ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

እንጉዳይ ይሄን ስትሰማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወሬኞቹ እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዛ ወንድሟን ጠራችው።

«ናና እዚህ ቁጭ በል።»

«እታለም፣ መረቡ...»

«ቁጭ በል አልኩህ!» ተቀመጠ። «የዝና ለምን እዚህ አልመጣችም? ማክሰኞ ሁሉ አዋላጇ እዚህ እያለች ለምን ባሕር ዳር ትሄዳለች?»

ይሁኔ መሬቱን በእንጨት ጫረ። ጫረና፣ ጫረና፣ ተናገረ። ማራገፊያውን፣ በቆሎውን፣ «ተበላሽታለች» ያለውን፣ የሌለውን ነፋስ። እንጉዳይ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«መጀመሪያዋን አምባዛ ለእኔ ብለህ ነው» አለች።

«ለአንቺ ነው እታለም። እግዜር ያውቃል፣ ላንቺ ነው።»

«እሺ። እኩል አደረገችን። ሁለተኛዋስ? ሁለተኛዋ ለማን ናት?»

ይሁኔ የያዘውን እንጨት ሰበረ። ሁለተኛዋ ለማንም አልነበረችም። ሳቅ አምሮት ነው።

«እኔም ስቄያለሁ» አለች እንጉዳይ፣ ለራሷ ይመስል። «ውሃ ጠጪ ስትላት እንባዬ እስኪፈስ ስቄያለሁ።» ሆዷን ያዘች። ተነስታ ገባች።

ሰኞ ከሰዓት ይሁኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አምባሮቹን ሳይፈታ በቢላ በጠሰ። ዓሣዎቹን አቅፎ ሐይቅ ውስጥ ለቀቃቸው። ዘመናይ ቶሎ ጠለቀች። ሁለተኛዋ ትንሽ ቆማ አየችው መሰለው፤ ዓሣ አያይም እንዲህ፣ ግን መሰለው። ቀለል ይለኛል ብሎ ነበር። በቃ፣ አስራ አንድ እንሆናለን፣ ማክሰኞ ወደ ሰባት ዋርካ ይዞራል፣ እንጉዳይን እኔ ራሴ ቀዝፌ እዛ እወስዳታለሁ አለ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የደሴቱ ስልክ ሁሉ በአንዴ ጮኸ።

መልእክቱን ይሁኔ ፊደል እየቆጠረ አነበበው። ወይዘሮ ዘመናይና ወይዘሮ ትሪንጎ ሞተዋል ይላል። ልባቸው በአንድ ጊዜ ቆሟል። ለቤተሰብና ለደሴቱ ነዋሪ ሐዘናችን ጥልቅ ነው።

በማግስቱ አዋላጇ ለሐዘኑ ሐምራዊ መብራት አብርታ መጣች። ይሁኔ ሴቶቹን ጥሶ እስከ ደጃፏ ሄደ።

«ወንድ ነህ፤ ተመለስ» አለችው።

«አልመለስም! ስሚኝ። ዘመናይና ትሪንጎ አልሞቱም። ዓሣ ናቸው! ዓሣ ላይ ነው ያሰርኩት፣ እኔ ነኝ!»

አዋላጇ መብራቷን ቀነሰች።

«በሐዘን የተጎዳ ሰው አልሞቱም ማለቱ የተለመደ ነው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቁጣም፣ ራስን መውቀስም የተለመደ ነው። ብቻህን አትሁን። እንቅልፍ ተኛ።»

«ራሴን እየወቀስኩ አይደለም፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ! ሰባት ዋርካ ነው ሰው የሞተው! የአያ ምንይችል ልጅ ነው የሞተው!»

«በሰባት ዋርካ የተመዘገበ ሞት የለም» አለች።

እውነቷን ነው። አምባር የሚታሰረው በአስራ አምስት ዓመት ነው። ያ ልጅ ደሞ መሃል ሐይቅ ላይ፣ ምንም ባልቆጠረው ቦታ ነው ያለፈው። እናቱ ተርፋለች፤ አምባሯ ዛሬ አረንጓዴ ነው።

«በአርባጎጆ በአንድ ቀን ሁለት ወጣት ሴቶች ሞተዋል» አለች አዋላጇ ለሁሉም እንዲሰማ። «ደሴቱ ከፍተኛ አደጋ ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ እመጣለሁ። የሌሎች ደሴቶች ተራ በዚሁ ይስተካከላል። ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ግቢ።»

ማንም አልሳቀም። እንጉዳይ ወንድሟን አለፈችው፤ ስታልፍ ትከሻውን ነካችው፣ ገፋችው ይሁን ያዘችው አልለየለትም። «ሂድ» አለችው። «አሁኑኑ ሂድ።»

ነፋስ ነበር በዛን ቀን፣ እውነተኛ ነፋስ። ይሁኔ እምቦጩን በእጁ እየነቀለ ሄደ። ሰባት ዋርካ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ፣ መዳፉ ደም አዝሎ ነበር። ደም ማዘሉ ትንሽ ደስ አሰኘው፤ ከዛ ደስ ስላለው አፈረ።

የዝና ደጃፍ ላይ በሰሌን ተኝታለች። ቀጭን ሴት ናት፤ ፊቷ አመድ ለብሷል። አያ ምንይችል አጠገቧ ሆኖ የሞተሩን ውልብልቢት ከእምቦጭ ሥር ያጸዳል።

«ይሁኔ!» አለ አያ ምንይችል ሊነሳ እየሞከረ። «ይሄን ሁሉ ውሃ ለእኛ ብለህ መጣህ? ቁጭ በል፣ ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። ከተቀመጠ እንደማይናገር ያውቃል። ቆሞ ተናገረው፣ ከመጀመሪያዋ እስከ ሁለተኛዋ፣ ከሁለተኛዋ እስከ በቆሎው፣ አዋላጇ አሁን በሳምንት ሁለቴ መምጣቷን ሳይቀር። «አልተበላሸችም ነበር» አለ። «ያለፈው ማክሰኞ መጥታ ነበር፣ ዛሬም መጥታለች። ብትመጡ ታይሽ ነበር፣ እቴ የዝና።»

አያ ምንይችል የሞተሩን ውልብልቢት እንደያዘ ቆመ። ብረት ነው፣ ከባድ ነው። ይሁኔ ዓይኑን ጨፈነ። ይምታኝ አለ በልቡ። እባክህ ምታኝ።

«አስቀምጠው» አለች የዝና።

«የዝና...»

«አስቀምጠው ምንይችል። ከመታኸው ይቀለዋል።»

ብረቱ መሬት ሲነካ ተሰማ። የዝና ይሁኔን ወደ ላይ አየችው፣ ለረጅም ጊዜ።

«አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች አልክ።»

«አዎ። ማክሰኞና ዓርብ።»

«እዚህ ሦስት ነፍሰ ጡር አለ። የወሊድ መከላከያዋ ያለቀባት አምስት። በየማክሰኞውና በየዓርቡ መጥተህ ትወስዳቸዋለህ። አንተ ነህ የምትቀዝፈው። ሞተር እንዳትይዝ፣ ሞተር እምቦጩ ይይዘዋል።»

«እሺ።»

«ክረምት ሲሆንም።»

«ክረምትም። እሺ።»

የዝና ወደ ጣሪያው ዞረች። አለቀ ብሎ አስቦ ነበር ይሁኔ፣ ሊሄድ አንድ እግሩን አነሳ።

«የኔ ልጅ የት ተጻፈ?» አለች።

«የትም» አለ።

«ዓሣዎቹስ?»

ይሄን እንዳትጠይቀው ነበር መንገዱን ሙሉ ሲለምን የመጣው። «ሞተዋል ተብሎ ተጽፏል። የሐዘን መልእክት መጥቶላቸዋል።»

«አለህ?»

«ስልኬ ላይ አለ።»

«አንብብልኝ።»

አያ ምንይችል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ይሁኔ ስልኩን አወጣ። ሦስተኛ ክፍል ነው የተሰናበተው፤ ማንበብ ለሱ እምቦጭ ውስጥ እንደመሄድ ነው። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ጀመረ። «ውድ ቤተሰብ፣ በወይዘሮ ዘመናይ...»

«ስሟን ዝለለው» አለች የዝና። «ስሟን ዝለልና አንብብ።»

ይሁኔ ጣቱን ወደ መጀመሪያው ፊደል መለሰ። «ውድ ቤተሰብ» አለ። «በደረሰባችሁ ሞት የተሰማን ሐዘን ጥልቅ ነው። ይቺ ነፍስ ከእኛ ጋር የተቆጠረች ነበረች። እግዚአብሔር ነፍስን በሰላም ያሳርፍ። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወዳጅ ዘመድ...» ከዛ ቆመ። አንድ መስመር ቀርቷል። አየው፣ ለራሱ አነበበው፣ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«አላለቀም» አለች የዝና። ዓይኗን ሳትገልጥ ነው። «ድምፅህ አላለቀም ይላል።»

«እቴ የዝና፣ የቀረው ውሸት ነው።»

«እሱንም አንብበው።»

አያ ምንይችል መጥቶ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ የሚስቱን እግር፣ አሁንም እብጠቱ ያልጎደለውን፣ ጭኑ ላይ አደረገው። ሁለቱም ጠበቁ። ይሁኔ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበና ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ አንድም ሳይዘል አነበበላቸው።

«አስፈላጊው እንክብካቤ ሁሉ በጊዜው እንደደረሰ እናረጋግጥላችኋለን።»